ድሬዳዋ ሆኜ የበግ ጸጉር መፍተል መማር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

የከዚራዋ (ጥቅምት 8)

ሰላም ለዚህ ቤት። ድሬ፣ ከዚራ ነው የምኖረው። በኪሮሽ ኮፍያ፣ የአንገት ልብስና የሕፃን ካልሲ እየሠራሁ ስሸጥ ስድስት ዓመት ሆነኝ። «ድሬ ላይ ማን ሱፍ ይለብሳል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ከተማችን 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሙቀቷን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የእኔ ገዢ ግን ወደ ደጋ የሚወጣው ሰው ነው። ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ ሜዳ ላይ የሚያድረው፣ ሐረር ዘመድ ጥየቃ የሚሄደው፣ ልጁን ደጋ ዩኒቨርሲቲ የሚልከው።

አምና አንዲት ደንበኛዬ ከቁልቢ ተመልሳ ከእኔ የገዛችውን የአንገት ልብስ ይዛ መጣች። ሌሊት እሳት ዳር ተቀምጣ ፍንጣሪ አርፎበታል። የቀዳዳው ዙሪያ ጥቁር ሆኖ እንደ ቀለጠ ፌስታል ጠንክሯል። «ሱፍ ነው ብለሽኝ ነበር እኮ» አለችኝ። እኔም ሱፍ መሆኑን አምኜ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ «ሱፍ ክር» ተብሎ ነው የተሸጠልኝ። ገንዘቧን መለስኩላት፤ ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም። ለስንት ሰው እንደዚያ ብዬ ሸጫለሁ።

አሁን እውነተኛ የበግ ጸጉር ፈትዬ ከዚያው መሥራት እፈልጋለሁ። የአያቴ እንዝርት ቤት ውስጥ አለ። ጥጥ ስትፈትል እያየሁ ነው ያደግኩት፤ እኔ ግን አንድም ቀን ይዤው አላውቅም። ጸጉሩን ከየት ላግኝ? የጥጥ እንዝርት ለበግ ጸጉር ይሆናል? የሚያስተምር ሰውስ ድሬ ወይ ሐረር ይገኛል?

የሳቢያኑ (ጥቅምት 8)

አቦ አይዞሽ፣ ያታለሉሽ አንቺን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን ክር ስትገዢ መርምሪው። የጣት ርዝመት ያህል ቆርጠሽ በመቆንጠጫ ያዢና ክብሪት አስጠጊው። የበግ ጸጉር ቀስ ብሎ ነው የሚነደው፤ እሳቱን ስታርቂው በራሱ ይጠፋል። የተቃጠለ የሰው ጸጉር ይሸታል፤ የቀረውም በጣት ሲያሹት የሚደቅ አመድ ነው። አክሪሊክ ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ሲበርድ እንደ ጠጠር ይደርቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ቶሎ ይነዳል፣ ሽታውም የወረቀት ነው። ብረት ሳህን ላይ አድርጊው፤ ውኃም አጠገብሽ ይኑር።

የከዚራዋ (ጥቅምት 8)

አሁኑኑ ሞከርኩት። ቤት ካለኝ ዘጠኝ ዓይነት ክር ስምንቱ ቀለጠ። ዘጠነኛው ቀልጦም እንደ ጸጉር ይሸታል፤ የተቀላቀለ መሰለኝ።

የበግ ሐኪም (ጥቅምት 9)

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ድካም እንዳይሆንብሽ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። በእኛ አካባቢ ገበያ የምታዪው በግ ሱፍ የለውም። ጥቁር ራስ የሶማሌ በግ ይባላል። ገላው ነጭ፣ ራሱና አንገቱ ጥቁር፣ ስቡ ዳሌው ላይ የሚከማች። ያለው አጭርና ቀጥ ያለ ጸጉር ነው። እንዝርት ላይ ብታወጪው እርስ በርሱ አይያያዝም። ለሙቀትና ለውኃ እጥረት የተስማማ በግ ነው፤ ዝናውም በሥጋው ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዶርፐር የተባለው የሥጋ ዝርያ ሲወጣ አንደኛው ወላጅ ከዚህ ከእኛ ጥቁር ራስ የተገኘ ነበር።

ለፈትል የሚሆነው የደጋ በግ፣ በተለይ የመንዝ በግ ነው። የመንዝን በግ አዋሲና ኮሪዴል ከተባሉ የውጭ የበግ ዝርያዎች ጋር የማዳቀል ሥራ ደብረ ብርሃን ላይ ተሠርቷል። ከድቅሎቹ ጸጉር ካገኘሽ እሱን አስቀድሚ።

መንዜው (ጥቅምት 9)

ጤና ይስጥልኝ። ትውልዴ መንዝ ነው፤ በሥራ ምክንያት ድሬዳዋ ከመጣሁ 11 ዓመት ሆኖኛል። ጥያቄዎን ሳነብ የእናቴ ቤት ነው የታየኝ።

የእኛ አገር 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ያለ ባና፣ ያለ ዝተት አይታደርም። በርኖስም ከዚያው ከበግ ጸጉር ነው። በጉ ይሸለታል፣ ጸጉሩ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል፤ ከዚያ ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ሸማኔው ይሠራዋል። እናቴ መንገድ ስትሄድ እንኳ እንዝርቷ ከእጇ አይለይም ነበር። አሁን ቤታችን ያለው ባና ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። ልጆቼ ድሬ ላይ ምን እንደሚያደርጉበት ባያውቁም አልጋ ላይ አንጥፌ አሳያቸዋለሁ።

ሲያዝዙ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ቀለም መንከር ካሰቡ ነጩን ይበሉ፤ የአገራችን በግ ብዙው ጥቁርና ቡናማ ስለሆነ ካልተናገሩ ቅይጥ ይላክልዎታል። ሁለተኛ፣ የትከሻውንና የጎኑን ጸጉር ለይተው እንዲልኩልዎ ይንገሩ። የዳሌውና የእግሩ ሻካራ ነው፤ ጭቃም ፋንድያም የያዘ። ወንድሜ በየወሩ አዲስ አበባ ይመጣል፤ ከፈለጉ ሁለት ኪሎ በድሬ አውቶቡስ አስልክልዎታለሁ።

የከዚራዋ (ጥቅምት 9)

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ! ደግሞ «አንቺ» በለኝ፤ ድሬ ነን፣ 11 ዓመት ኖረህ አንቱታ አልለቀቀህም? ሁለቱን ኪሎ አስልክልኝ። ነጭ ከተገኘ ነጭ፣ ካልተገኘም የመጣው ይምጣ።

ልባሽ ተራ (ጥቅምት 11)

እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው አንድ ኮፍያ ለመሥራት ከመንዝ ጸጉር ሲያስመጣ፣ ሲያጥብና ሲፈትል ወር ይፈጃል። ልባሽ ውስጥ መቶ በመቶ የበግ ሱፍ የሆነ አሮጌ ሹራብ ይገኛል። እሱን ፍቺና ሥሪ፤ ክሩም ከምትፈትይው ይለሰልሳል።

ስትመርጪ ምልክቱን ብቻ አትመልከቺ፤ ገልብጠሽ ስፌቱን እዪ። ጠርዙ በመኪና ተቆርጦ የተዘመዘመ ከሆነ ተዪው፤ ስትፈቺው በየመስመሩ የተቆረጠ ቁርጥራጭ ነው የሚወጣልሽ። ጠርዙ ያልተቆረጠ፣ በሰንሰለት ስፌት ብቻ የተያያዘ ከሆነ ከላይ እስከ ታች አንድ ረጅም ክር ይሰጥሻል። የተፈታው ክር እንደ ተቀቀለ ፓስታ ይጨማደዳል። ወንበር መደገፊያ ላይ ጠቅልለሽ በአራት ቦታ እሰሪው፣ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፊው፣ ጨምቀሽ ስቀዪው፤ ሲደርቅ ይቃናል።

የከዚራዋ (ጥቅምት 11)

ይህን በጣም ነው የምፈልገው፤ ለዘንድሮ ቁልቢ ገበያ በእርግጠኝነት እጠቀምበታለሁ። ግን መፍተሉንም አልተውም። አያቴ ስትሞት እንዝርቷን ማንም አልፈለገውም፤ እኔ ነኝ ከዕቃ መሃል ያወጣሁት። ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ብቻ አልፈልግም።

የለገሃሬዋ (ጥቅምት 14)

እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ለገሃሬ ነው የምንኖረው። ስድስት ልጅ ያሳደገችው ጥጥ ፈትላ ለሸማኔ እየሰጠች ነው። ጽሑፍሽን አነበብኩላት። «ስልኩን አምጪው» ብላ አጠገቤ ተቀምጣለች። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

«ልጄ፣ ጸጉሩ እስኪመጣ ድረስ በጥጥ እጅሽን አፍቺ። ከጥጡም በፊት የተፈተለ ክር እንዝርቱ ላይ እሰሪና ዝም ብለሽ አሽከርክሪው። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን። አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ ካልሽ ያከረርሽውን ራስሽ ትፈቺዋለሽ። ጀማሪ ሁሉ የሚያለቅሰው እዚህ ጋ ነው፤ ክሩ በጠሰብኝ ይላል እንጂ ወደ ኋላ እንደዞረበት አያይም።

ከዚያ አመልማሎ ያዢ። የተነደፈውን ባዘቶ በጣም ሳታጠብቂ እንደ ጣት ጠቅልለሽ ነው አመልማሎ የሚሆነው። ከጠበቀ አይሳብልሽም። ለመጀመሪያው ሳምንት ማሽከርከርና መሳብን አንድ ላይ አትሞክሪ። አሽከርክሪ፣ እንዝርቱን በጉልበትሽ መሃል ቆንጥጠሽ ያዢው፣ ከዚያ ሳቢ። የተሳበው ክረቱን፣ ማለትም ከማሽከርከሩ የመጣውን ጥምዝ፣ ሲጠጣ ጠቅልዪው፤ እንደገና አሽከርክሪ።

የግራ እጅሽ ጣቶች በር ናቸው። ክረቱ በሩን አልፎ አመልማሎው ውስጥ ከገባ ይቆላለፋል፤ ብትጎትቺውም አይመጣም። ያኔ አትጎትቺ፤ ትንሽ ወደ ኋላ ፍቺውና በሩን ዝጊ። ክሩ ሲበጠስብሽም አትቋጥሪው። ቋጠሮ ሸማኔውን ያስረግመዋል። የሁለቱንም ጫፍ በጣትሽ አባዝተሽ፣ አነባብረሽ፣ እንደገና አክርሪው፤ ይያዛል።»

የበግ ጸጉርን ጠየቅኳት። በልጅነቷ ከደጋ የመጡ ጎረቤቶች ሲፈትሉ አይታለች። «ጥጥ አጭር ነው፣ የበግ ጸጉር ይረዝማል፤ እጆችሽን አራርቂ። ጥጥ ብዙ ክረት ካልጠጣ ይበጠሳል። የበግ ጸጉር ትንሽ ይበቃዋል፤ ብዙ ካከረርሽው ገመድ ይሆናል። የአያትሽ እንዝርት ቀላል ነው፣ ለቀጭን ፈትል የተሠራ ነው፤ ለወፍራም ክር የሚከብድ አሠሪ» ብላለች።

በመጨረሻ የተናገረችውን እንዳለ ልጻፈው፦ «ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ ትምጣ። በጽሑፍ እጅ አይያዝም።»

የከዚራዋ (ጥቅምት 14)

አልቅሼ ነው ያነበብኩት። ለእማማ እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ አድራሻውን በውስጥ መስመር ላኪልኝ።

ጀጎል ሰፌድ (ጥቅምት 16)

ከሐረር ነው፤ ስፌት ነው ሥራዬ። ስለ እንዝርቱ፦ መኪና ግርግር (ጀጎል ውስጥ ያለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ) ላይ ካሉት ሰፊዎች አንዱ ዘመዴ ነው፤ እሱ የሚያውቀው አናጺ ሠራልኝ። የጥጡ ዓይነት ሆኖ ክቡ እንጨት ይሰፋል፣ ይወፍራል። ጫፉ ላይ የታጠፈ ቀጭን ሚስማር አስገባበት፤ ክሩ እንዳያመልጥ። ጠቅላላ 40 ግራም ገደማ ነው፤ ለኮፍያ ክር ተስማምቶኛል። ክቡ ትክክለኛ ክብ ካልሆነና ቀዳዳው መሃሉን ከሳተ እየተንገዳገደ ቶሎ ይቆማል፤ ስትቀበዪ አሽከርክረሽ እዪው።

የከዚራዋ (ኅዳር 3)

ሦስት ቅዳሜ ለገሃሬ ሄጃለሁ። ጥጥ መፍተል ችያለሁ! ክሬ አንድ ቦታ ቀጭን፣ አንድ ቦታ አባ ጨጓሬ ቢመስልም ይይዛል። እማማ «የመጀመሪያሽን ልቃቂት አትሽጪው፣ አስቀምጪው» ብለውኛል። (አዎ፣ እሳቸውን ግን አንቱ እላቸዋለሁ፤ አፌ እምቢ አለኝ።)

ጸጉሩም መጣ፤ ሁለት ኪሎ፣ ነጭና ቡናማ። እዚህ ላይ ነው የተበላሸብኝ። ግማሽ ኪሎውን በፈላ ውኃና በዱቄት ሳሙና እንደ ልብስ አሽቼ አጠብኩት፤ ቧንቧ ሥርም አለቀለቅኩት። ሲደርቅ ምንጣፍ ሆነ። አንድ ዘለላ እንኳ መዝዞ ማውጣት አልተቻለም። ሰው ከመንዝ ድረስ የላከልኝን ነገር በአንድ ከሰዓት አጠፋሁት። ምን አጥፍቼ ነው?

የኬሚስትሪው መምህር (ኅዳር 3)

ምክንያቱን ካወቅሽው አይደገምም። የበግ ጸጉር ቆዳው ለስላሳ አይደለም፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ሽፋን አለው። ሙቅ ውኃና ሳሙና ሲያገኘው ቅርፊቱ ይከፈታል፤ ስታሺው አንዱ በሌላው ውስጥ ይሰካል፣ ተመልሶም አይወጣም። ሙቀት ብቻውን ይህን አያደርግም፤ ሙቀት፣ ሳሙናና እሽታ ሲገናኙ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ አራግፊው፤ እሾህና ፋንድያውን በእጅ ልቀሚ። እጅ የማይችለው ግን የማይፈላ ሙቅ ውኃ፣ 60 ዲግሪ ገደማ፣ በሰፊ ሳፋ አድርጊ። የበጉ ቅባት ከ40 ዲግሪ በታች ስለሚረጋ በቀዝቃዛ ውኃ አይለቅም። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሪ፤ ዱቄት ሳሙና አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ ጸጉሩን ይጎዳል። ጸጉሩን በመረብ ከረጢት፣ ለምሳሌ በሽንኩርት ከረጢት አድርገሽ ውኃው ላይ አስቀምጪውና ራሱ ይስመጥ። አትንኪው። ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ ውኃው ሳይቀዘቅዝ አንሥተሽ፣ በተመሳሳይ ሙቀት ንጹሕ ውኃ ውስጥ አስገቢው። ውኃው እስኪጠራ ድገሚ። በመጨረሻው ውኃ ትንሽ አቼቶ ጨምሪበት። ጥላ ሥር አስጪው፤ የድሬ ፀሐይ ጸጉሩን ያደርቀዋል፣ ያጠይመዋል።

እና በምንም ዓይነት በረኪና አታስጠጊው። በረኪና ጥጥን ያነጣል፤ የበግ ጸጉር ግን እንደ ሰው ጸጉር ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ስለሆነ ያሟሟዋል።

ጀጎል ሰፌድ (ኅዳር 4)

ምንጣፍ የሆነውን እንዳትጥዪ! በክብ ቁረጪውና የጀበና ማቶት አድርጊው። ሙቀት ይችላል፣ አይቀልጥም፣ ጀበናውም አይንሸራተትበትም። እኔ ሆን ብዬ ነው የማደርገው፤ ጠርዙን በቀለም ክር እሰፋዋለሁ።

የከዚራዋ (ኅዳር 19)

የቀረውን አንድ ኪሎ ተኩል እንደ መምህሩ አጠብኩት። ደርቆ አንድ ኪሎ ከትንሽ ቀረኝ፤ ሌላው ቅባትና አፈር ነበር። በደጋን የሚነድፍልኝ ስላላገኘሁ ጥርሳቸው ሽቦ በሆነ ሁለት የጸጉር ብሩሾች አበጠርኩት፤ ከዚያ አመልማሎ። እማማ እንዳሉት እጄን አራራቅሁ፤ ከጥጥ ይልቅ ቀለለኝ። አምስት ምሽት ፈትዬ 90 ግራም አወጣሁ። ሁለት ልቃቂት ሲሞላ ወደ ተቃራኒው አዙሬ አንድ ላይ ገመድኳቸው፤ ዘፍዝፌ ክብደት አንጠልጥዬበት ስቀልኩት። ቀጥ አለ!

ኮፍያ ሠራሁበት። ሞቃት ነው፣ ያምራል። ግን ግንባሬን በላኝ። ለአንገት ከሆነ ሰው የሚታገሠው አይመስለኝም።

መንዜው (ኅዳር 19)

ይበላል፤ አልዋሽሽም። የአገራችን ጸጉር ለባናና ለምንጣፍ የተፈጠረ ነው፤ እኛም ከሥር የጥጥ ነጠላ ወይ ኩታ አድርገን ነው የምንለብሰው። ገላ ላይ የሚያርፈው ጥጥ፣ ብርድ የሚመክተው የበግ ጸጉር። የጠቦት ጸጉር ይለሰልሳል፤ በሚቀጥለው ወንድሜን የመጀመሪያውን ሽልት እጠይቀዋለሁ።

የለገሃሬዋ (ኅዳር 20)

እናቴ ሰማችና «ጥጡን ለምን ፈተለችው ታዲያ?» አለች። ኮፍያውን ከውስጥ በፈተልሽው ጥጥ ገብሪው።

ጀጎል ሰፌድ (ኅዳር 22)

ባትጠይቂኝም ስለ ቀለም ልንገርሽ፤ ይህን ነገር በጣም ስለምወደው ነው። ሂና ሁላችን ቤት አለ። ሂና እጃችንንና ጸጉራችንን የሚይዘው ከኬራቲን ጋር ስለሚጣበቅ ነው፤ የበግ ጸጉርም ያው ነው። ጥጥ ላይ ግን ይደበዝዛል። በነጩ ላይ ሙቅ የሸክላ ቀለም ይሰጥሻል። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ፣ ለ100 ግራም ክር 100 ግራም ደረቅ ልጣጭ ቀቅለሽ አጥልዪው። ክሩን አስቀድመሽ 10 ግራም ሸብ በሟሟበት ሙቅ ውኃ ለአንድ ሰዓት አቆዪው። ከወርቅ እስከ ብርቱካን ድረስ ያወጣል። እርድ መጀመሪያ ቀን ዓይን ይይዛል፤ ፀሐይ ላይ ግን ቶሎ ይለቃል፤ ለሚሸጥ ዕቃ አትጠቀሚው። በሁሉም ውስጥ ሙቀቱን ቀስ ብለሽ ጨምሪ፣ አታማስዪ፤ ያለዚያ ማቶት ይሆንብሻል።

የከዚራዋ (ታኅሣሥ 11)

ለቁልቢ ያዘጋጀሁት ይህ ነው። ሦስት ኮፍያ ከፈተልኩት የመንዝ ጸጉር፣ ከውስጥ በጥጥ ፈትል የተገበረ፤ አንዱ በሂና፣ አንዱ በሽንኩርት ልጣጭ፣ አንዱ በራሱ ቡናማ። ሰባት የአንገት ልብስ ከተፈታ ንጹሕ የሱፍ ሹራብ (ልባሽ ተራ፣ ስፌቱን ገልብጬ ነው የመረጥኩት)። አራት ማቶት። ቤት የነበረውን አክሪሊክም ሠርቼዋለሁ፤ ክር አይጣልም። ግን ሁሉም ላይ በወረቀት እየጻፍኩ አስሬበታለሁ፦ «የበግ ጸጉር፣ በእጅ የተፈተለ»፣ «ከሹራብ የተፈታ ሱፍ»፣ «አክሪሊክ፤ ከእሳት ይራቅ»። ዋጋቸውም እንደዚያው ይለያያል።

ያቺን ደንበኛዬን ፈልጌ የሂናውን ኮፍያ ሰጠኋት። ከጠርዙ ክር መዝዛ ክብሪት ለኮሰችበት፤ አሸተተችው። ከዚያ አደረገችው።

ለጥር ስድስት ኪሎ ላዝዝ ነው፤ ለብቻዬ ይበዛብኛል። የሚካፈለኝ አለ?

ጀጎል ሰፌድ (ታኅሣሥ 11)

ሁለት ኪሎ ያዢልኝ፣ ነጭ።

የለገሃሬዋ (ታኅሣሥ 12)

ለእናቴ ግማሽ ኪሎ፤ ከጠቦቱ ከሆነ። ቅዳሜ ስትመጪ ደግሞ ሁለቱን ብሩሾች አትርሺ፤ እሷም ልትሞክራቸው ትፈልጋለች።